ዳኛው ጋዋን የለበሱበት ጨዋታ

ዛሬ ጉደር ላይ ለዳኛው ኳስ አቀበልኳቸው። ያውም የዓመቱን ምርጥ ኳሴን።

ምን ላድርግ፣ ከአምቦ የሄድነው እኛ ቢጫ ለብሰናል፣ ዳኛው ኦቦ ቶሎሳም ቢጫ ለብሰዋል። እሳቸው ዘለው አሳለፏት፣ የጉደር አጥቂ ተቀብሎ አገባት።

"እሳቸው ካልቀየሩ አንጫወትም" ብለን ቆምን። ሌላ ማሊያ ግን የላቸውም። በመጨረሻ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ኳስ ልታይ የመጣች መምህርት ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ሰጠቻቸው። ኪሱ ውስጥ ጠመኔ ሳይቀር አለ።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ጸጥ አለ። ኦቦ ቶሎሳ ወፍጮ ቤት ነው ያላቸው፣ አስተምረው አያውቁም። እኛ ግን ያን ጋዋን እየፈራን ነው ያደግነው።

አምበላችን ገመቹ ዳኛ ላይ ሳይጮህ ውሎ አያውቅም። ዛሬ ጥፋት ሲነፋበት እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም።"

"እጅህን አውርድና ቦታህ ተመለስ" አሉት። ተመለሰ።

አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ሲያልቅም እሳቸው እስኪወጡ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።

እናንተ ጋስ ዳኛው ከቡድን ጋር ተመሳስሎ ያውቃል? ኳስ ያቀበላችሁት ካላችሁ ደግሞ እጃችሁን አውጡ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።