የአባቴ ጉልበትና የውሻችን ዳሌ

ጅቡ ወደ አጥራችን የተጠጋው ውሻችን መነሣት ካቃተው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጅብ አልነበረም አልልም፤ ደብረ ታቦር ዳር፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ አጠገብ ላለ ቤት ጅብ እንግዳ አይደለም። ግን ድምፁ ሩቅ ነበር፣ ከወንዙ ማዶ። ውሻችንም ገና ሲሰማው አጥሩ ጥግ ደርሶ ይጮህበት ነበር። አምና ክረምት የኋላ እግሮቹ ከዱት። ሊነሣ ሲል ፊቱ ይነሣል፣ ኋላው መሬት ላይ ይቀራል። ጅቡም ከማዶ ወዲህ ተሻገረ። አንድ ማለዳ አጥሩ ሥር ዱካውን አየሁ።

ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅስና ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ቅዳሴ መቆም ትተው ቤት ውስጥ ዳዊት ይደግማሉ።

«አባባ፣ ውሻው እስኪሻለው ቤት ይደር» አልኳቸው።

«አበስኩ ገበርኩ! ዳዊት በሚደገምበት ቤት ውሻ? የእሱ ቦታ ደጅ ነው፤ ሁለተኛ የውሻ ወሬ እንዳታመጪብኝ!»

ከዚያ ወዲያ የውሻውን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። የባጃጁ ሹፌር «ውሻ አልጭንም» ቢለኝ ተጣልቼ፣ ማዳበሪያ አንጥፌ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ በሬና በግ ማከም የለመደች ወጣት ናት። ዳሌውን ዳሰሰችው፣ እግሩን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሳበችው፤ ውሻው አቃሰተ።

«የዳሌው መገጣጠሚያ ተጎድቷል» አለችኝ። «እንደ ድሮው አይሆንልሽም፤ ስቃዩን ግን ማቅለል እንችላለን። ቀን ሙሉ አስረሽ አታውዪው፤ አንድ ቦታ ሲውል ይደርቃል። ትንሽ ትንሽ አራምጂው። ከብርድ መሬት ከፍ ያለ መኝታ ሥሪለት። እንዳይወፍርም ተጠንቀቂ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ያው የታመመው እግር ነው።»

ልወጣ ስል ጠራችኝ። «የሰው የሕመም ማስታገሻ እንዳትሰጪው። ሆዱን ያደማዋል፤ ሊገድለውም ይችላል።»

ማታ ራት እየበላን ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ከገበታው አላነሡም።

ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጣውላ ደርድሬ፣ ጭድ ሞልቼ፣ ማዳበሪያ አልብሼ መኝታ ሠራሁለት። ደጃፉ ላይ ያለውን እርከን አፈር ደልድዬ ተዳፋት አደረግሁት። ማለዳ ማለዳ ፕላስቲክ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ዳሌው ላይ አስደግፈዋለሁ። ከዚያ መቀነቴን በሆዱ ሥር አሳልፌ ኋላውን ከፍ እያደረግሁ መንገዱ ድረስ እናዘግማለን። መንደሩ ሳቀብኝ።

«ወይ ጉድ! ውሻ ታዝይ ጀመር?» አለኝ አንዱ።

«አንተንም ወገብህን ሲይዝህ አዝልሃለሁ» አልኩት።

እስቅ ነበር እንጂ ውስጤ ፈርቶ ነበር። አጥሩን በእሾህ ባጥረውም ጅቡ በየቀኑ ቀደም እያለ መምጣት ጀመረ፤ በኋላማ ገና ዓይን ሳይዝ ይጮሃል። ውሻው አንገቱን ቀና አድርጎ ያዳምጥና ወደ እኔ ይዞራል። ያ አስተያየቱ አንጀቴን በላው። አንድ ቀን ሳልደርስለት እንደሚወስደው ታወቀኝ።

እናም አንድ ጠዋት ብቻውን ተነሥቶ ቆመ! እልልታዬን ለቀቅሁት። በሳምንቱ አመሻሽ ላይ አጥሩ ጋ ደርሶ እንደ ድሮው ጮኸ። ሙቁ ውሃና መኝታው ሠራ ብዬ ደስታዬን አልችለው አልኩ።

በዚያው ሰሞን ግን አባቴ ግድግዳ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ሲነሡ «እግዚኦ!» ይላሉ፤ ጉልበታቸው አብጧል። ጎረቤታችን ልትጠይቃቸው መጥታ ስትወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ፣ አላየሽም? ውሻው ሲነሣ አባትሽ ወደቁ። ሕመሙ ተሻግሮባቸዋል እኮ። እሱን ዳሰሽ እሳቸውን በዚያው እጅሽ ትነኪያለሽ!»

«ወግጂልኝ እባክሽ!» ብዬ ሸኘኋት። ግን ንግግሯ ከሆዴ አልወጣ አለ። ውሻውን ነክቼ ወደ አባቴ ስሄድ እጄን በበረኪና እታጠብ ጀመር። የሁለቱንም እግር አያለሁ፤ አንዱ በበረታ ቁጥር ሌላው ይደክማል። ሐቁን ልናገር፣ አምኛት ነበር።

ከዚያ ውሻው ምግቡን አሽትቶ ተወው። አስታወከ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አየሁ። የሐኪሟ ንግግር ትዝ አለኝ፤ ሮጬ ገባሁ።

«አባባ፣ አንቱ ለውሻው የሰጡት ነገር አለ?»

ከትራሳቸው ሥር ለጉልበታቸው የታዘዘላቸውን የኪኒን ላስቲክ አወጡ፤ አብዛኛው ባዶ ነበር።

«የራሴን ነው የሰጠሁት» አሉ። «ቂጣ ውስጥ እየሸሸግሁ። እኔ እንዳንቺ በመቀነት አላነሣው። የመገጣጠሚያን ሕመም አውቀዋለሁ፤ እሱ የሚጮኸው ለኛ ነው ብዬ...»

«ሐኪሟ ከልክላለች ብዬ አልነገርኩዎትም?»

«ስለ ውሻ ስታወሪ ላልሰማሽ ወስኜ የለም? መቼ ሰማሁሽ!»

ጮህኩባቸው። በአባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው የኪኒኑን ላስቲክ እያገላበጡ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ።

ሐኪሟ ቤት ድረስ መጥታ መርፌ ወጋችው። «እስከ ነገ ከቆየ ተስፋ አለው» አለች። «ብርድ ብቻ እንዳያገኘው።»

ሲመሻሽ ጅቡ ጮኸ፤ በዚህ ጊዜ ከቤቱ ጀርባ ነው። ውሻው ራሱን እንኳ ቀና ማድረግ አቃተው። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ መጥረቢያ እንደያዝኩ አባቴ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ።

«አስገቢው» አሉ።

«አባባ፣ ዳዊቱስ?»

«አስገቢው አልኩሽ! መቀነቱን ወዲህ በይ!»

በዚያ ባበጠ ጉልበታቸው ተንበርክከው የመቀነቱን አንድ ጫፍ ያዙ። ሁለታችን እያነከስን ደፉን አሳለፍነው። የራሳቸውን ጋቢ አለበሱትና በሩን ቀረቀርኩ። ራት እንኳ ሳይቀርብ አጥሩ ሲሰበር ሰማን። ውሻው የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ተከለ፤ ሊነሣ ነው። አባቴ ዳሌው ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ተኛ» አሉት። «ዛሬ እኔ እጠብቃለሁ።» በትራቸውን ይዘው በሩ ሥር ተቀመጡ።

ሲነጋ የሠራሁለት መኝታ ጣውላው ተገልብጦ፣ ጭዱ ደጃፉን ሞልቶት አገኘነው። ማዳበሪያው ተቦጫጭቋል። ቤት ውስጥ ውሻው ከመዳፌ ውሃ ላሰ፤ ትንሽ ብቻ፣ ግን ላሰ። አባቴ የተበተነውን ጭድ ቆመው ብዙ አዩት። ከዚያ ገብተው የተረፈውን ኪኒን አነሡና አንዱን ለራሳቸው ዋጡ።

«ዛሬም ይመጣል» አሉ፤ «በእግሬ መቆም አለብኝ።»