ሦስተኛዋ ነጥብ

ልመንህን የደበደቡት ሦስት ሆነው ነው፤ ንፋስ መውጫ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቢሮው ወደ ቤቱ ሲሄድ። የመጀመሪያው ዱላ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ልመንህ ዓይኑ አያይም እንጂ ቡጢው አይተኛም፤ ድምፅ በሰማበት በኩል ሰንዝሮ የአንዱን አፍንጫ ደም በደም አደረገው። ሁለተኛው ዱላ ጉልበቱን አጠፈው። ቦርሳውን ነጥቀው ቦይ ውስጥ ወረወሩት፤ እሱንም ጥለው ቆሙበት።

«ልጨርሰው?» አለ አንደኛው።

«ዕውር ገድዬ ስሜን አላበላሽም» አለ ምስጋናው። ድምፁን ልመንህ ያውቀዋል፤ ዓምና የልመንህ የአጎት ልጅ በድንበር ጠብ የምስጋናውን ወንድም ገድሎ ጠፍቷል። «የሚያነበውም የሚጽፈውም በጣቱ አይደል? ጣቱን አምጡት!»

የግራ እጁን ድንጋይ ላይ ዘርግተው በሌላ ድንጋይ ወቀጡት።

ልመንህ ልጅ ሳለ ኩፍኝ ዓይኑን ወሰደው። አባቱ ቤተ ልሔም ደብር ወስደው ለድጓ መምህር ሰጡት፤ ዜማውን በጆሮው ለቀመ፤ «ዕውሩ» ብሎ የጠራውንም ሁሉ በጡጫ ሥርዓት እያስያዘ አደገ። ኋላ ብሬል ተማረ፣ ሕግ ተማረ፣ ጠበቃ ሆነ። ያም ሆኖ ለእያንዳንዱ አቤቱታ ጸሐፊ መለመን ነበረበት፤ ብሬል ማሳያውን እስኪያገኝ ድረስ። ማሳያው ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ከላይ ለስድስቱ የብሬል ነጥቦች ስድስት ቁልፎች አሉት፤ ከታች ደግሞ የተጻፈው ፊደል በጥቃቅን መርፌዎች ጣት ሥር ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲህ ልመንህ «እስቲ ጻፍልኝ» ብሎ ማንንም ለምኖ አያውቅም። ሚስቱን ሀይማኖትን እንኳ።

እጁ አበጠ፣ ጠቆረ፣ ቆይቶም ጠገገ። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል አለ። ታላቅ ወንድሙ ክንዱ ግን ክላሹን ወልውሎ ከወገዳ መጣ። ሽማግሌዎች መሐል ሲገቡ የመለሰላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አካሉ ካልጎደለ ዱላ ነው፤ እንታረቃለን። አንዲት ጣት ከሞተች ግን ምስጋናውን ከነወንድሞቹ እለቅማቸዋለሁ።» ክንዱ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ከዚያ የምስጋናው ልጆች አድገው የክንዱን ልጆች ይገድላሉ፤ እንዲህ እያለ የት እንደሚቆም ልመንህ ከፍርድ ቤት መዝገብ አሳምሮ ያውቀዋል።

ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ በተቀመጡበት ጠዋት ልመንህ ከድብደባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳያውን ሰዎች ከቦይ ካነሡለት ቦርሳ አወጣ። ክንዱ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ልመንህ ስሙን ጻፈ። የመጀመሪያዋ ፊደል ሌላ ሆና ወጣች።

«ምነው?» አለ ክንዱ።

«ሦስተኛዋ ነጥብ እምቢ አለች፣ አያ። ቦይ ውስጥ ሲወረውሩት ተጎድቶ ይሆናል።»

ገመዱን ነቅሎ ሰካ። አጥፍቶ አበራ። የግቤት ቋንቋውን ቀየረ፣ መለሰ። ገመዱን ትቶ በብሉቱዝ አገናኘው። ያው ነው፤ አምስቱ ነጥቦች ይነሣሉ፣ ሦስተኛዋ የለችም። ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

ያልሞከረው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ረስቶት አይደለም፤ ፈርቶ ነው። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት አምጥቶ ሦስተኛውን ቁልፍ ተጫነ። መርፌዋ ቀጥ ብላ ተነሣች። የግራውን የቀለበት ጣት መልሶ ቁልፉ ላይ አሳረፈ፤ ጣቱ ዝም ብሎ ተጋደመ፣ አልታዘዝ አለ። ማሽኑ ደህና ነው። የሞተው ጣቱ ነው። በዚያች ሰዓት ምስጋናውን ቢያገኘው በጥርሱ ይዘለዝለው ነበር። ደጃፉ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል የምትበቃው ጠመንጃ ተቀምጣለች፤ ልመንህ ቃሏን ሊናገር አፉን ከፈተ።

«የትኛዋ ናት?» ክንዱ ተነሥቶ አጠገቡ ቆመ። ነጥቦቹ ሲነሡ ማየት አያቅተውም። «ቆይ፣ በእኔ ጣት ልጫናት። ለእኔ ከተነሣች ችግሩ ከማሽኑ አይደለም ማለት ነው።»

ክንዱ እጁን ሲዘረጋ ልመንህ ማሳያውን መንጭቆ ሲሚንቶው ላይ ከሰከሰው። አንሥቶ ደገመው። ቁልፎቹ ተፈነጣጠሩ፣ መርፌዎቹ ወለሉ ላይ ረገፉ። በተረከዙ እየረገጠ አደቀቀው።

«አበድህ እንዴ?»

«ማሽኑ ነው አልኩህ! እጄ ደህና ነው!» እንባው አገጩ ላይ ይወርዳል።

ክንዱ የጥይት ካዝናውን ከክላሹ ሲነቅለው ልመንህ ሰማ። «ለዕቃ ይለቀሳል እንዴ?» አለ ክንዱ። «ዕቃ ይተካል። ተነሥ፣ ሽማግሌዎቹን አናስጠብቅ።»

ሽማግሌዎቹ ፊት ምስጋናው ድንጋይ ተሸክሞ ልመንህ እግር ሥር ወደቀ። ልመንህ በቀኝ እጁ አነሣው፤ ግራው ከጋቢው አልወጣም። ክንዱም ምስጋናውን አቅፎ ሳመው።

ማታ ሀይማኖት ራት አቀረበች። ልመንህ አልበላም። ለነገ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረበት።

«ሀይማኖት» አላት፤ «እስቲ አንድ ነገር ጻፊልኝ።»