ጄቶኔ የሚበላው ስልክ

ሮም በገባሁ ሰሞን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ሕንፃው አይደለም፤ በየቦታው የሚለጠፈው ወረቀት ነው። በመብራት ምሰሶው፣ በአውቶቡሱ ወንበር ጀርባ፣ በሊፍቱ በር ላይ የእጅ መዳፍ የማታክል ወረቀት ተለጥፋ አገኛለሁ። አንዷ የኳስ ቡድን ታሞግሳለች፣ አንዷ ጊታር አስተምራለሁ ትላለች፣ አንዷ መንግሥትን ትሳደባለች። የምትሳደበዋን ሳይ ሳላስበው ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ። ከአዲስ አበባ ስወጣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ቆሞ ማንበብ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር። እናቴ “ወረቀት ካያችሁ መንገድ ተሻገሩ” ነበር የምትለን። እዚህ ግን ሰዉ እያነበበ፣ አንዳንዱም እየሳቀ ያልፋል።

ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። እንዲያውም ጣሊያንኛ የተማርኩት ከዚያው ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ያልገባኝን ቃል በልቤ ይዤ እሄድና ቤታቸው የምሠራላቸውን ሲኞራ እጠይቃለሁ። አንዳንዱን ስጠይቃቸው ፊታቸው ቲማቲም ይመስልና “ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?” ይሉኛል።

የቤት ሠራተኞች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እረፍታችን ነው። አንድ ሐሙስ ለጓደኛዬ ልደውል ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት ሁለት የሕዝብ ስልኮች ወደ አንዱ ሄድኩ። ጄቶኔዬን፣ ያቺን የስልክ ሳንቲም፣ ልክተት ስል ዓይኔ ስልኩ ላይ በተለጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ አረፈ። በአማርኛ ነው!

“ወገኖቼ፣ ይህ ስልክ ጄቶኔ ይበላል። የቀኙ ደህና ነው።”

ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ገና “ሀ ሁ” የጀመረ ልጅ የጻፈው ይመስላል። ብቻዬን “እግዜር ይስጥልኝ” አልኩና በቀኙ ደወልኩ።

ከዚያ ወዲያ ያንን ጽሕፈት ማደን ሆነ ሥራዬ። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አንዱ ቅመም ሻጭ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት፦ “ከዚህ ሰውዬ አትግዙ፤ ከጀርባው ያለው ይሻላል።” ሰውዬው ምን እንደሚል አያውቅም። ጌጥ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ አቧራውን እየጠረገ ያኖረዋል። እኔ ሳቄን አፍኜ ወደ ጀርባው ዞርኩ። እውነትም የተሻለ ነበር።

ጸሐፊውን ያገኘሁት ሌላ ሐሙስ፣ እዚያው ተርሚኒ ስልኮቹ ጋ ነው። ጓደኛዬን ስጠብቅ ነጠላ የለበሱ ባልቴት ቆመዋል። ወረቀቷን በምላሳቸው ያርሱና አሮጌዋ የተላጠችበት ቦታ ላይ ለጥፈው በቡጢያቸው ይመቷታል።

“እማማ፣ እርስዎ ኖት እንዴ የሚጽፉት?” አልኳቸው።

ደንገጥ አሉ። “ምነው፣ ይከለከላል?”

“ኧረ የለም! ስንት ጄቶኔ አትርፈውልኛል።”

ፊታቸው በራ። ልጃቸው እዚህ ካሉት ትልልቅ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጥራ፣ የልጅ ልጆቻቸውን እንዲያሳድጉላት አስመጥታቸዋለች። ወረቀቶቹ የልጆቹ ደብተር ላይ የሚለጠፉት ናቸው።

“ስድሳ ዓመቴን ካለፍኩ በኋላ ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ተማሪ ብሎ ከቤቴ አወጣኝ” አሉኝ። “መጀመሪያ አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ኋላ ማንበብ ስጀምር ግን ማን ይቻለኝ! እዚህ መጥቼ የማነበው አጣሁ። የማነበው ከሌለ እንግዲህ ልጻፍ አልኩ።”

ይህን እያወራን አንድ ጣሊያናዊ መጣና በግራው ስልክ ጄቶኔ ከተተ። ዋጠበት። ሁለተኛ ከተተ፤ ያንንም ዋጠው። ስልኩን በጥፊ ይመታው ጀመር።

“አይ ምስኪን!” አሉ እማማ። “አፍንጫው ሥር ተጽፎለት!”

አላስቻለኝም። “ሲኞሬ፣ እንደማይሠራ እዚህ ተጽፏል” አልኩት።

ወረቀቷ የተገለበጠች መስሎት ሊያነብ አንገቱን አጣመመ። “ምን ቋንቋ ነው?”

“አማርኛ።”

“አሎራ፣ እንግዲያው በገዛ አገሬ ሳልሰማ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ!” ብሎ እየሳቀ እስክሪብቶ አወጣና ከሥር በትልልቁ “ጓስቶ” ብሎ ጻፈ። ተበላሽቷል ማለት ነው። እማማ ጣታቸውን እያንዳንዱ ፊደል ላይ እያሳረፉ “ይሄ ማነው? ይሄስ?” እያሉ አስነበቡኝ። በጣሊያንኛ መጀመሪያ የለዩት ቃል እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ አብረን እየዞርን ግድግዳ ማንበብ ያዝን። እኔ ፊደሉን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ፤ ቀበሌ ያስተማራቸው እንደዚያ ነዋ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ከመስኮቱ በላይ ያለች ወረቀት ዓይናቸው ገባች። ተነሥተው ጣታቸውን ቀሰሩና “ቪ-ዬ-ታ-ቶ!” አሉ፤ አውቶቡሱ በሙሉ ዞረ። “ፉ-ማ-ሬ!”

ከወረቀቷ ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ቢል፣ ጣት የቀሰሩ ነጠላ ለባሽ ባልቴት በላዩ ቆመዋል። ሲጋራውን በጫማው ደፈጠጠና “ስኩዚ ሲኞራ፣ ስኩዚ” ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

እማማ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። “ምን አልኩት?”

“ማጨስ ክልክል ነው አሉት።”

“ውይ!” አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትንሽ ቆይተው ግን ሰውዬውን ቁልቁል እያዩ በአማርኛ “ደግ አደረግሁ፤ ለጤናህም አይበጅህም” አሉት።