ሁሉም የግራ እጅጌ

እትዬ ምላጭን በቅርብ አውቃቸዋለሁ ብዬ አልዋሽም። የማውቀው ልጃቸው የነገረችኝንና አብረዋቸው የሚሠሩት የሚያወሩትን ነው፤ የጎደለውን እኔው ሞልቼዋለሁ። ምላጭ የተባሉበት ምክንያት ግን ጥያቄ አያሻውም። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ወርክሾፕ ጨርቅ ቆራጭ ናቸው፤ ምላሳቸውም ከእጃቸው አያንስም።

ዕድሜያቸው ሲገፋ እንቅልፋቸው ሰዓቱን ቀየረ። ማታ እራት ሳይነሳ አንገታቸው ዘንበል ይላል፤ ወፍ ሳይንጫጫ ደግሞ ዓይናቸው ፍጥጥ ይላል። ይህ እምብዛም አላስጨነቃቸውም ነበር። ጠዋት ጭንቅላታቸው ጥርት ያለ ነው፤ ከሁሉ ቀድመው ጠረጴዛው ፊት ይቆሙና ከባድ ከባዱን ቆረጣ ከምሳ በፊት ይጨርሳሉ። ከሰዓት በኋላ ፍዝዝ ሲያደርጋቸው ቀላል ቀላሉን ይይዛሉ። ለራሳቸው ያበጁት፣ ማንም ያልነቃባቸው ዘዴ ነበር።

አዲሱ ኃላፊ ይህን አፈረሰባቸው። ያውም በደግነት፤ ይበልጥ የሚያበግናቸውም እሱ ነው። እንደመጣ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ትልልቆቹ ጠዋት ተኝተው ይረፉ፣ የከሰዓቱን ፈረቃ ይያዙ፣ ጠዋቱ ለወጣቶቹ ይሁን አለ። ሰው አጨበጨበ። ወጣቶቹ እኮ ጠዋት ዓይናቸውን እያሹ የሚገቡ፣ ቀትር ካላለፈ ሰው የማይሆኑ ናቸው። እትዬ ምላጭ ቢሮው ድረስ ሄደው ይህንኑ ቢነግሩት ሳቀ። ትልቅ ሰው እረፍት ሲሰጡት መግደርደር ይወዳል፣ እናቴም እንደዚሁ ናት አላቸው። ሲሸኛቸውም «አይዞዎት እማማ» ብሎ ጨመረበት።

እቤትም ያው ነው። ልጃቸው መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ ታስቀንሳለች፣ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ትሄዳለች። እሳቸው ጨለማው ውስጥ ተጋድመው ምርጡ ሰዓታቸው ጣሪያ ሲያዩ ያልቃል። አንድ ቀን ተነሥተው መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቅለው ጣሉት።

«እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው» አለች ልጃቸው፣ ዘንጉን እያነሳች።

«ለእኔ ብሎ የማያስቸግረኝ ሰው ጠፋ» አሏት።

ከዚያ የእጅጌው ጉድ መጣ። ጨርቁ ሁሉ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ከተደራረበ፣ የእጅጌው ቅርጽ የተቆረጠበት ካርቶን አንዴ በፊቱ፣ አንዴ ተገልብጦ መሰመር አለበት፤ አለዚያ የሚወጣው ሁሉ ያንድ ወገን ክንድ ይሆናል። ቆራጭ ገና ሲጀምር የሚማረው ነገር ነው። እትዬ ምላጭ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዓይናቸው እየተከደነ፣ ካርቶኑን ሳይገለብጡ አሰመሩና መቁረጫ ማሽኑን ለቀቁበት። ነገሩ የታወቀው ሰፊዎቹ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ክምሩ በሙሉ የግራ እጅጌ። አንዱ ቀልደኛ፣ ሁለቱም እጁ ግራ የሆነ ዘበኛ ይፈለግልን አለ። ሳቁ መቁረጫው ጠረጴዛ ድረስ ተሰማቸው።

ኃላፊው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላቸው ነበር። ቢሮው አስጠርቷቸው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ካሁን በኋላ መቆም እንደማይገባቸው፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ካለቀው ልብስ ላይ ትርፍ ክር እየለቀሙ እንዲውሉ ነገራቸው። ወንበርም አሳያቸው። አልተቀመጡም።

«ስማ» አሉት። «ፈረቃዬን ስትቀይር ለምኜሃለሁ፤ ሳቅህብኝ። የሚሠራውን ጭንቅላቴን እቤት አስተኝተህ፣ ሲመሽ የተረፈውን ይዘሽ ነዪ አልከኝ። አሁን ደግሞ በተረፈው ልትፈርድብኝ ነው?»

«እማማ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ አስቤ ...»

«እማማህ አይደለሁም። እማማህን ሄደህ እያት። ጎህ ሲቀድ ተኝታ ካገኘሃት ክሩን እለቅምልሃለሁ።»

ኃላፊው ያቀረቀረው ተናዶ ይሁን አፍሮ አይታወቅም። ተነሣና በሩን ዘጋው። ጠዋቱን ሊመልስላቸው እንደሚችል፣ ወጣቶቹም ቢሆኑ እየተነጫነጩበት እንደሆነ ነገራቸው። ነገር ግን የተቆረጠ ጨርቅ አይቀጠልም፣ ነገ ሌላ ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«ስለዚህ እውነቱን ይንገሩኝ» አላቸው። «ጠዋት ጠዋትስ እንዲህ ሆነው አያውቁም?»

ፈረቃው ሳይቀየር በፊት፣ አንድ ብሩህ ጠዋት፣ ማሽኑን እንደያዙ ምን ሊቆርጡ እንደነበር ጠፍቷቸው ቆመው ያውቃሉ። ለጥቂት ጊዜ ነው። ማንም አላየም፤ እሳቸውም ለማንም አልተነፈሱም።

ቁጣቸው ገና አልበረደም ነበር፤ «በፍጹም» ማለት ግን ያቺን ጠዋት መካድ ሆነባቸው። እትዬ ምላጭ የጋዋናቸውን ቁልፎች ከታች ጀምረው እስከ አንገታቸው ቆለፉና፣

«በሩን ክፈትልኝ» አሉት።