አሳማ ያለበት ቤት

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሊፍቱ ሲበላሽ ስድስተኛ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፤ አሳማ ከራስጌዬ ሰቅዬ መተኛት ግን አልችልም።

ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ፣ እዚህ በስደት በምኖርበት ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ኮሪያዊው ጎረቤቴ በፍሬም የሰጠኝን የቻይና ፊደል ትርጉም ዛሬ ጠየቅኩት።

«ከላይ ጣራ ነው፣ ከሥሩ አሳማ። እኛ ‹ጋ› እንለዋለን፤ ቤትም ቤተሰብም ማለት ነው» አለኝ ኮራ ብሎ።

ቤተሰቡን በአሳማ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ይኮራል። አውርጄ መለስኩለት።

ከፊደል ብዙ አልዘለቅኩም፤ የ‹በ› ስሙ ቤት መሆኑን ግን አውቃለሁ። «ንጹሕ ቤት ይኸውልህ» ብዬ ‹በ›ን ጻፍኩለት።

መነጽሩን አድርጎ አየውና «ጣራው ጥሩ ነው። ውስጡ ማንም የለም እንዴ?» አለኝ።

አሳማዬን ብብቴ ሥር ይዤ ተመለስኩ፤ አሁን ቤቴ፣ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል።

እናንተስ ትርጉሙን ሳትጠይቁ ምን ሰቅላችኋል? ይቅርታ መጠየቁን ግን ለእኔ ተዉት፤ ነገ የጎረቤቴን በር ራሴ አንኳኳለሁ።