ሽማግሌ ሲሠራ መቀመጥ

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የባቡር ግቢ ዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር ማለቴ ነው፣ የገባው በእኔ ነው። ይህን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ ካለ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት፤ እሱንም ቢሆን ሻንጣውን ሳይፈታ ደርሼበታለሁ። የሕንድ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር በምን እንደተጀመረ፣ በምን እንደተከፋፈለ፣ በምን እንደተረፈ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ከዚህ እስከ ሮክቪል አይገኝም። ሕንዶቹን ጨምሬ ነው የምለው።

ባለፈው ሰሞን ይህንኑ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እጄን እያወናጨፍኩ ሳስረዳ፣ ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ "ጡሩንባ ነፊው፣ ለመሆኑ ያን ቀን አንተ የት ነበርክ?" የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል አብራኝ የምትሠራው ወሎዬ ናት። ጥያቄዋን እንዳልሰማ ሰው ሒሳብ ጠየቅሁና ወጣሁ፤ ክትፎው ገና ግማሹ ነበር። የት እንደነበርኩ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ሥራችን የባቡር ፉርጎ ማጽዳት ነው። ጠዋት ከቨርጂኒያ ዳር ዳር ሠራተኛ ጭነው ወደ ከተማ የገቡት ባቡሮች ቀኑን ግቢያችን ውስጥ ቆመው ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ ሰዉን ወደ ቤቱ ለመመለስ ከመውጣታቸው በፊት እኛ ወለሉን፣ መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ ሽንት ቤቱን እናደርሳለን። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሜትሮውን ባቡር ቀዩን መስመር ይዤ፣ መሃል ከተማ ቀይሬ ነው የምሄደው። መቀመጥ ስለማይሆንልኝ በየጣቢያው ወርጄ ሌላ ፉርጎ እገባለሁ። እናቴ ስትወልደኝ እንኳ እየተራመደች ነበር ይባላል። የሚለው እኔው ነኝ እንጂ።

ከእኛ ጋር አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ አሉ። ስማቸው ረጅም ስለሆነብን "ጋሼ" አልናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኛ ግን "ዩ" ስንላቸው እንኳ አንገታችንን ሰበር አድርገን ነው። መጀመሪያ የተቀጠሩ ሰሞን ወደ ብሬክ ሩም፣ ወደ ማረፊያ ክፍላችን፣ ሲገቡ አስራ ምናምን ሐበሻ "ኖር" ብሎ ብድግ አለላቸው። እሳቸው በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ሰው ሁሉ ከእሳቸው ጋር ላለመብላት ሊወጣ የተነሣ መስሏቸው፣ ምሳቸውን ይዘው ወደ ውጭ ተመለሱ። አሳድጄ አስረዳኋቸው።

"ታዲያ ለምን ተነሣችሁ?" አሉኝ።

"እርስዎ እንዲቀመጡ።"

"ወንበሩ እኮ ባዶ ነበር።"

ይህን ነገር እስከ ዛሬ በደንብ የገባቸው አይመስለኝም። በኋላ ላይ የጎዳንም ይኸው ነው።

ዝምተኛ ሽማግሌ አይምሰሏችሁ። ጉረኛ ናቸው፤ ከእኔ ጋር የተስማማነውም ለዚህ ነው። አባታቸው በከሰል በሚሄድ ባቡር ላይ እሳቱ ውስጥ ከሰል የሚያካፋ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ካሰበበት ካልደረሰ ሥራው አያልቅም፤ ባቡሩ ደግሞ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ስለዚህ አባትየው ቤታቸው የሚመጡት እንደ እንግዳ ነበር። "ታናሽ እህቴ 'ይኼ ሰውዬ ዛሬም እዚህ ያድራል?' ብላ ትጠይቅ ነበር" ይላሉ ጋሼ፣ ቅመም የበዛበት ማንጎአቸውን እየላሱ። ማኅበሩ የተነሣው ሰው በቀን የሚሠራው ሰዓት ልክ ይኑረው ብሎ ነው። ግን ነጂው ለብቻ፣ ከሰል የሚያካፋው ለብቻ፣ ሐዲድ የሚያነጥፈው ለብቻ ነበር የሚቀመጠው። ውኃ የሚጠጡበት እንስራ እንኳ የተለያየ ነበር። እነዚህ ሰዎች አንድ ላይ እንዴት እንደተሰበሰቡ ጋሼ በሰፊው ነግረውናል። እኔ ግን እዚያ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ተነሥቼ ወጥቼ ስለምመለስ፣ በእኔ የሕንድ ታሪክ ውስጥ ሰዎቹ አንዴ ከተለያየ እንስራ ሲጠጡ፣ አንዴ በአንድ ላይ ሲፈክሩ ይታያሉ። መሃሉ የለኝም።

የሥራ ማቆሙን ግን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ዝናብ ስለነበር መውጫ አጣሁ። ሥራ ሲያቆሙ ፖሊስ መጥቶ ቤተሰቡን ከባቡር መሥሪያ ቤቱ ቤት አስወጣቸው። እናታቸው ዛፍ ሥር ጉልቻ አስቀምጠው ልጆቻቸውን መገቡ። አባትየው ታሰሩ፣ ተባረሩ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመለሱ። ሲመለሱ ለልጃቸው "ሥራ ከማቆም የሚከብድ ነገር አለ፤ ሥራን በደንቡ መሥራት" አሏቸው።

ለምን እንደሚከብድ የገባን አዲሱ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ነው። በፊት አንድ ፉርጎ ለሁለት ነበር የምናጸዳው። አዲሱ ልጅ ለአንድ ሰው አደረገው፤ ጊዜው ግን ያው ነው። ያልደረሰ ይጻፍበታል፤ ደጋግሞ የተጻፈበት ይሰናበታል። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ከላይ የመጣለትን ነው ያወረደው። እኛ በሩጫም ቢሆን እንደርስ ነበር። ጋሼ ግን ስልሳን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው ሲታጠፍ የፉርጎው በር የሚከፈት ይመስላል። የባለቤታቸው የኩላሊት ሕክምና ደግሞ በእሳቸው ኢንሹራንስ ነው። ከሥራ ወጡ ማለት ሴትዮዋ ከሕክምናው ወጡ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

"ተደራጁ" አሉን ጋሼ።

ሐበሻ ተደራጅ ከተባለ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። በሳምንቱ እድር አቋቋምን። ወሎዬዋ ዳኛ ሆነች። እኔም ለዳኝነት ተወዳድሬ፣ ከመርካቶ እስከ ሜሪላንድ የሚደርስ ንግግር አድርጌ፣ ጡሩንባ ነፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ጡሩንባ ስለሌለ በስልክ ቴክስት አደርጋለሁ። ይህን ለጋሼ ብንነግራቸው ግራ ገባቸው።

"ማን ሞተ?"

"እስካሁን ማንም" አልኳቸው።

ያኔ ሳቁ። "የእኛም በቀብር ነው የጀመረው" አሉ። "ሰው አብሮ ካልቀበረ አብሮ አይቆምም።" እዚህ ላይ ስለ ቀብሩ ብዙ ነገሩን። እኔ ውጭ ነበርኩ።

እድሩም የጋሼን አባት መላ ተቀበለ፤ በደንቡ መሥራት ማለት እንዲህ ነው። ድርጅቱ ራሱ ያደለን ትንሽ የሥራ መመሪያ አለ፤ ማንም ገልጦት አያውቅም። ሽንት ቤቱ ላይ መድኃኒት ተረጭቶ ሳይፈተግ ቆይታ ይሰጠው ይላል፤ እኛ ረጭተን ወዲያው እንጠርጋለን። እያንዳንዱ ወንበር ሥር ተንበርክካችሁ እዩ ይላል፤ እኛ ቆመን እንገምታለን። የተመደባችሁበትን ፉርጎ ጥላችሁ አትሂዱ ይላል። መመሪያውን እንዳለ ካከበርነው አንድ ሰው አንድ ፉርጎ ባቡሩ እስኪወጣ ሊጨርስ አይችልም። "ማንም ሥራ አያቁም፣ ማንም አይጩህ" አሉ ጋሼ። "ያዘዙህን ብቻ አድርግ። ደንብ አከበርክ ብሎ ማንን ይቀጣል?"

ለእኔ ይህ ከእስር ይከፋል። መድኃኒት ረጭቶ መጠበቅ! ቆሜ ሳየው መድኃኒቱም እኔን የሚያየኝ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። ባቡሩ ሊወጣ ሲል ሱፐርቫይዘሩ ዞሮ አየ። ሁላችንም ገና መሃል ላይ ነን፤ መመሪያችን በኪሳችን ነው። አንድ ፉርጎ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልቆ ይብረቀረቃል። የጋሼ ፉርጎ።

"ስልሳ ያለፋቸው ሰውዬ ከጨረሱ እናንተ ምን ሆናችሁ?" አለን። ከእሳቸው በቀር በሁላችንም ላይ ጻፈ።

ብሬክ ሩም ገብተን ተፋጠጥን። ዳኛዋ "ማነው?" አለች። ከወዲያ በኩል አንዱ "እኔ መስኮቱን ብቻ ነው" አለ። ሌላው "እኔ እሳቸው ሳያዩ ቆሻሻውን አወጣሁላቸው" አለ። አንዷ "ተንበርክከው ሳያቸው አባቴ መሰሉኝ፤ ወለሉን ሞፕ አደረግኩላቸው" አለች። ዳኛዋ ራሷ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ "ወንበሮቹ ንጹሕ ነበሩ፤ ነካ ነው ያደረግኳቸው" አለች። እኔ ስንቴ እንደሄድኩ አልናገርም። ሽማግሌው ከአንዱ ጫፍ በደንቡ እያጸዱ መሃል ሲደርሱ፣ ሌላው ግማሽ በራሱ ጸድቶ ነው ያገኙት። ለሱፐርቫይዘሩ ደግሞ እውነቱን መናገር አይችሉም፤ ፉርጎ ጥሎ መሄድ ያስባርራል።

እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

"የአባቴን ማኅበር ፖሊስ ሊሰብረው ሞከረ" አሉ። "ረኀብ ሊሰብረው ሞከረ። በአክብሮት ሲሰበር ያየሁት እዚህ ነው። እኔ ከጨረስኩ ጊዜው ይበቃል ማለት ነው። ነገ አንዳችሁ ስትታመሙ፣ ሌላችሁ ስትቀሩ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ያኔ ሚስቴን ምን ልበላት? የሐበሻ ልጆች አዘኑልኝና ተባረርኩ?"

ዳኛዋ ቀስ ብላ "ጋሼ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?" አለቻቸው።

"ነገ ልጁ ሰዓት ይዞ ከእኔ ጋር ይቆማል፤ ለእናንተ ምሳሌ ሊያደርገኝ ነው። እናንተ በየፉርጎአችሁ ሁኑ። እኔን ተዉኝ።"

ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኛ ግን ሽማግሌ ተንበርክኮ እየሠራ ቆሞ ማየት አባትህ ውኃ ሲቀዳ ወንበር ላይ ተዘርግተህ ከማየት አይለይም። እድሩ ተሰብስቦ ቅጣት ወሰነ፤ ጋሼን የረዳ ከእድሩ ይሰረዛል፤ ቢሞት ማንም አይቆምለትም። ሁሉም ማለ። ከማለ በኋላ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

በማግስቱ የኔ ፉርጎ ከጋሼ ፉርጎ ጋር በሐዲድ ጎን ለጎን ነበር። በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ወንበር ይይዛሉ፣ አንድ ጉልበት ያወርዳሉ፣ ሌላውን ያወርዳሉ፣ ሥር ሥሩን ያያሉ፣ እንደገና ወንበር ይዘው ይነሣሉ። ቀጥሎ ሌላ ወንበር። ልጁ ሰዓቱን ይዞ ከኋላቸው ይከተላል። እኔ ወዲያ እሄዳለሁ፣ ወዲህ እመለሳለሁ። መድኃኒት ረጨሁ፤ ቆይታው አላልቅ አለኝ። ጨርቁን አጠብኩ፣ የታጠበውን አጠብኩ። በአምስተኛው ወንበር ላይ ሲነሡ ተንገዳግደው የልጁን ትከሻ ያዙ። እኔም እግሬ በራሱ ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ወሎዬዋ የጽዳት ጋሪዋን ይዛ ቆማለች።

"ወዴት ነው?"

"ሽንት ቤት።"

"እፉርጎህ ውስጥ አለልህ። ግባ።"

ዳኛ ናትና ሽንት ቤቱ ገባሁ፤ ስገባ ጋሪዋን አምጥታ በሩ ላይ አስደገፈችው። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።

"አንቺ፣ የራስሽን ፉርጎ ጥለሽ መጣሽ እኮ" አልኳት ከውስጥ። "ደንብ አፈረስሽ።"

"ዳኛ ነኝ፤ ዝም በል። እኔው እያየሁ እነግርሃለሁ።"

የቀረውን በፉርጎዬ መስኮት ያየችው እሷ ናት፤ እኔ በበር ሰማሁ። "አሁን መሃል ደረሱ" አለች። "አሁን ልጁ ሰዓቱን አየ… አሁን ደግሞ አየ።" "ምን ሆነ?" እላለሁ፣ በሩን እየደበደብኩ። "የባቡሩ ሞተር መጣ፣ ፉርጎዎቹን ሊጎትት ነው። ጋሼ ገና ስድስት ወንበር ይቀራቸዋል።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ "ልጁ ጃኬቱን አወለቀ" አለች። "ተንበረከከ። ከጎናቸው ተንበርክኮ እየጠረገ ነው።"

ለሁለት ሆነውም አልደረሱም። ባቡሩ ዘግይቶ ወጣ፤ ለጽዳት ድርጅታችን የሚከፍሉት የባቡሩ ባለቤቶች ደወሉ፤ ልጁም ራሱ ወለል ላይ ሆኖ ያየውን ወደ ላይ ተናገረ። በሚቀጥለው ሳምንት ፉርጎው እንደ ድሮው ለሁለት ሆነ። በመኸሩ ዩኒየን ይግባ አይግባ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ እድርተኛው አንድም ሳይቀር ወጣ፤ ቅጣት አለዋ፤ ዩኒየኑም ገባ። ጋሼ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ባለቤታቸውም ደኅና ናቸው። የእሳቸው ጥንድ እኔ ነኝ። ወንበር ሥር እኔ እገባለሁ፤ እሳቸው ስለ እንስራው ይነግሩኛል፤ አሁን መውጫ የለኝም።

እንግዲህ ያን ቀን የት ነበርክ ለምትለው ሴትዮ መልሱ ይኸው ነው። የሽንት ቤት በር በጋሪ ተዘግቶብኝ ነበር። ስትከፍትልኝ ውስጡ እንደ ብርሌ ያበራ ነበር፤ ጭንቅ ይዞኝ መድኃኒቱን ሳላቆይ፣ በሩጫ፣ ጣሪያውን ሳይቀር ጨርሼዋለሁ። በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ በሰዓቱ አልቆ የተገኘው ሥራ እሱ ብቻ ነበር።