የክሬኑ ትከሻ

ቃሊቲ መጋዘኖቹ ዙሪያ ሀብተሚካኤል ቢሉ የሚያውቀው የለም፤ «ክሬኑ» ካሉ ግን ቤቱ ድረስ የሚያደርስዎት ሞልቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ኩንታል ተሸክሟል። እናቱ እማማ አሰለፈችም «የእኔን ሳጥን ከፊት ሆኖ የሚሸከመው ልጄ ነው» እያሉ በእድርተኛው ፊት ሲኮሩበት ኖረዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንጎሉ ሥር የበቀለች እብጠት በቀዶ ጥገና ወጣችለት። ሰውየው ዳነ፤ ጡንቻው ግን እየሟሸሸ ሄደ። አምስት ሊትር ውኃ ማንሳት እንኳ ያቅተው ጀመር። ሐኪሟ አልደበቀችውም፤ ሰውነቱ የወንድ ሆርሞን ማምረት ስላቆመ በየሦስት ሳምንቱ መርፌ መወጋት አለበት። እግሩ እንዲጠነክር ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ እንዲቆም አዘዘችለት።

«ማሽኑ ቢያግዝ ነው እንጂ መርፌውን አይተካም» አለችው።

እሱ ማሽኑን ያዘና መርፌውን ተወ። ለምን ቢባል፣ የሰፈሩ ፋርማሲ የሙሉአለም ነው፤ ሙሉአለም ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ። «ክሬኑ ወንድነቱን በመርፌ ይገዛል» ከሚሉኝ ብሞት ይሻለኛል ብሎ ማዘዣውን በጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ቀበረው። ከተማው ሌላ ፋርማሲ ያጣ ይመስል! ግን ሀፍረት ይዞታል፤ ያንን ወረቀት ለማንም ባለነጭ ጋዋን መዘርጋት አልሆነለትም።

በሳምንት ሦስት ቀን ማሽኑ ላይ ይወጣና ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይቆማል። ከእግር ጥፍሩ እስከ መንጋጋው ሲያርገፈግፈው ጥርሱን ይነክሳል። ባለሙያዋ ሒክማ «ጋሼ፣ መርፌውን እየወሰዱ ነው አይደል?» ስትለው፣ ዓይኗን ሳያይ «እንዴታ» ይላል። እናቱ አልጋ ላይ ወድቀዋል፣ እሱ ደግሞ ለሳጥናቸው ለመበርታት የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ግትር ሰው ምን ያደርጉታል?

እማማ አሰለፈች በግንቦት ማለቂያ አረፉ። ሀብተሚካኤል ትከሻውን በታጠፈ ጋቢ ደልድሎ ከሳጥኑ ፊት በግራ በኩል ገባ። እድርተኞቹ ተያዩ፤ የከለከለው ግን የለም። ሙሉአለም በቀኝ ትይዩው፣ ረጅሙ ሰይፈሥላሴ ከኋላው ሆኑ።

ሳጥኑ ተነሣ። ጉልበቱ አልከዳውም፤ እንዲያውም ሸክሙ ቀለለው። በኀዘኑ መሃል ደስ አለው፤ ደስ በማለቱም አፈረ። «ይኸው እማዬ፣ ተሸከምኩሽ» አለ በልቡ። ያንን የሚያርገፈግፍ ማሽን መረቀው።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሳጥኑን ላመቻች ብሎ ትከሻውን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። የሚገፋው ነገር አጣ። በጋቢውና በሳጥኑ መካከል እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር።

ሙሉአለም ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማው፦

«ሰይፉ፣ ትንሽ ከፍ አድርግለት። እንዳያርፍበት።»